ሂና በቆዳ ላይ፤ ጥቅሙ፣ አደጋውና የባለሙያው ኃላፊነት

(በሳቢያን፣ ድሬዳዋ፣ ለሙያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው ንግግር የተመረጠው ርእስ ሂና ነው። ርእሱ ለመድኃኒት ባለሙያዎች ጉባኤ የቀለለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሂና ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው የሙሽራ እጅ፣ የበዓል ዋዜማ፣ የእናቶችና የአክስቶች ወግ እንጂ የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ አይደለምና። ሆኖም አንድ ነገር በሰው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ለሰዓታት የሚቆይ፣ ከቆዳም አልፎ ወደ ደም ሊገባ የሚችል ከሆነ፣ ስሙ ጌጥ ቢባልም ጠባዩ የመድኃኒት ጠባይ ነው። መጠን አለው፤ ጥቅም አለው፤ የማይስማማው ሰው አለ፤ ሊበረዝም ይችላል። እነዚህ አራት ነገሮች ባሉበት ሁሉ የመድኃኒት ባለሙያው ነገሩን እንደ ባዕድ ሊመለከተው አይገባም።

ስለ ሂና ለመነጋገር ደግሞ ከድሬዳዋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያዳግታል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ወደብ ጋር ስላገናኛት ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌውና ዐረቡ በአንድ ከተማ ተጎራብተው ኖሩ። ከሕዝቡ ጋር ወጉም ተጎራበተ። ሶማሌዎች ዒላን የሚሉት፣ በሐረሪውና በኦሮሞው ቤት በሂና ስሙ የሚታወቀው ቅጠል ለኢድና ለሠርግ የግድ የሚፈለግ ሲሆን፣ ከደጋ የመጣው ሰው በበኩሉ የእንሶስላን ሥር ወቅጦ እጅና እግርን ማቅላትን ከአገሩ ይዞ መጥቷል። እንደ ሳቢያን ባለ የልዩ ልዩ ሰው መኖሪያ በሆነ ሠፈር ሁለቱ ወጎች በአንድ ግቢ ይገናኛሉ። የአንዲቱ ሙሽራ ሂና የጎረቤቶቿም ሂና ነው። ይህም በመሆኑ ስለ ሂና የሚነገረው ቃል የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ብሔረሰብ ጉዳይ ሳይሆን የከተማው ሁሉ የጤና ጉዳይ ነው።

ቅጠሉና ቀለሙ

ሂና ሙቀትና ድርቀት የሚስማማው ቁጥቋጦ ነው። የሳይንስ ስሙ ላውሶኒያ ኢነርሚስ ሲሆን፣ ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1753 የሰጠው ሊኔየስ ነው። የመጀመሪያው ስም ለአይዛክ ላውሰን ለተባለው ሐኪም መታሰቢያ ነው። ለቀለም የሚፈለገው ቅጠሉ ነው፤ ደርቆ ይፈጫል፤ ይነፋል፤ በውኃ ይለወሳል።

ቀለሙን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ሎሶን ይባላል። ሎሶን ከናፍቶኪኖን ወገን የሆነ ትንሽ ሞለኪውል ሲሆን፣ በደረቀ ቅጠል ውስጥ ያለው መጠን እንደ ዝርያውና እንደ አበቃቀሉ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ ብዙ አይርቅም። በቅጠሉ ውስጥ አብዛኛው ሎሶን ከስኳር ጋር ታስሮ ይቀመጣል። ዱቄቱ ረጥቦ ጥቂት ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ እስሩ ይፈታና ሎሶኑ ነፃ ይወጣል። እንግዲህ እናቶች ሂናውን በሎሚ ጭማቂ ለውሰው ለብዙ ሰዓት ሸፍነው ማሳደራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳይከፍቱ የደረሱበት ትክክለኛ የቅመማ ሥራ ነው።

ነፃ የወጣው ሎሶን ወደ ቆዳው የላይኛው ንጣፍ ሲገባ ኬራቲን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። ሂና ሲታጠብ የማይለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። መዳፍና የእግር ውስጥ ወፍራም የኬራቲን ንጣፍ ስላላቸው ቀለሙ በእነሱ ላይ ይደምቃል፤ በእጅ ጀርባና በክንድ ላይ ግን ይደበዝዛል። መጀመሪያ ብርቱካናማ ሆኖ ይታይና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቀይ ቡናማ ይጠልቃል። የላይኛው ቆዳ እየታደሰ ሲረግፍም ቀለሙ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በብርቱ ሊጤን ይገባል። ንጹሕ ሂና ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ቀለም የጠቆረ ሂና ከቅጠሉ የመጣ አይደለም። የዚህ ንግግር ዋና ፍሬ ነገር ከዚህች ዓረፍተ ነገር የሚነሣ ነው።

የሚነገርለት ጥቅምና የተረጋገጠው

ስለ ሂና የሚነገረው ጥቅም ብዙ ነው። እግርን ያቀዘቅዛል፤ የተሰነጠቀ ተረከዝን ያጠግጋል፤ ቋቁቻን ያጠፋል፤ ፀጉርን ያጠነክራል ይባላል። ባለሙያው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል «ተረት ነው» ብሎ ቢያጣጥለው ሕዝቡን ያስቀይማል፤ «እውነት ነው» ብሎ ቢቀበለውም ሙያውን ይበድላል። ተገቢው መንገድ እያንዳንዱን አባባል በማስረጃው ሚዛን ማየት ነው።

በላቦራቶሪ ሂናም ሎሶንም አንዳንድ ባክቴሪያዎችንና ፈንገሶችን እንደሚገቱ በተደጋጋሚ ታይቷል። ይሁን እንጂ በብርጭቆ ሳሕን ላይ ፈንገስን የገታ ነገር ሁሉ በሰው ቆዳ ላይ በሽታን ያድናል ማለት አይደለም። ፈንገስ የያዘው እግር ኖሮበት ወደ መድኃኒት ቤት የመጣ ሰው የተፈተነ ፀረ ፈንገስ ቅባት እያለለት በሂና ብቻ እንዲቆይ መምከር ሕክምናውን ማዘግየት ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሐኪሞችን ዓይን የሳበው ሌላ ነገር ነው። ካፔሲታቢን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ታማሚዎች መዳፋቸውና የእግራቸው ውስጥ ይቀላል፤ ያቃጥላል፤ ይሰነጠቃል። ሕመሙ ሲበረታ መድኃኒቱን መቀነስ ወይም ማቋረጥ ግድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከቱርክ የወጣ አንድ ዘገባ በ10 ታማሚዎች ላይ ሂና ተቀብቶ ሕመሙ እንደቀለለላቸው ገልጿል። አሥር ሰው ጥቂት ነው፤ ማነጻጸሪያ ወገንም አልነበረም። ስለዚህ ዘገባው የምርምር በር የከፈተ እንጂ ሕክምናን የደነገገ አይደለም። ነገር ግን ሂና በሚታወቅበት አገር ላሉ ተመራማሪዎች መልካም መነሻ ሊሆን ይችላል።

በፀጉር ላይ ያለው አገልግሎት ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ተመርምሯል። የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ደኅንነት ሳይንሳዊ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2013 በሰጠው አስተያየት፣ የሎሶን መጠኑ ከ1.4 በመቶ ያልበለጠ 100 ግራም የሂና ዱቄት በ300 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ ተለውሶ ለፀጉር ማቅለሚያ ቢውል ለተጠቃሚው ደኅንነት እንደማያሠጋ ገልጿል። በአሜሪካ በኩል የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ሂናን ለፀጉር ማቅለሚያነት ብቻ ፈቅዷል፤ በቆዳ ላይ በቀጥታ እንዲቀባ ግን ፈቃድ አልሰጠም። ሁለቱም አቋሞች የሚያስተምሩት ሂና «ተፈጥሯዊ» ስለተባለ ብቻ ከምርመራ ነፃ እንዳልሆነ ነው። መጠኑ፣ አዘገጃጀቱና የሚቀባበት ቦታ ተለይቶ ይነገራል።

በጠቅላላው ሲታይ ንጹሕ የሂና ቅጠል ለአብዛኛው ጤነኛ ጎልማሳ ጉዳት የማያደርስ ጌጥ ነው። ከቅጠሉ የሚመጣ የቆዳ አለርጂ አልፎ አልፎ የተዘገበ ቢሆንም ብርቅ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠረው ልማድ የዚህ ምስክር ሊባል ይችላል። ልማዱ ምስክርነት የሚሰጠው ግን ለቅጠሉ እንጂ ዛሬ በሂና ስም ለሚሸጠው ሁሉ አይደለም።

ጥቁር ሂና

የዘመኑ ሰው ይቸኩላል። ሎሚ ጨምቆ፣ ለውሶ፣ አሳድሮ፣ ቀብቶ፣ እንደገና ለሰዓታት መቀመጥ ለብዙዎች አድካሚ ሆኗል። ከዚህም በላይ ጥቁር ቀለም ከቀይ ይልቅ ይወደዳል። ይህን ፍላጎት ለማሟላት በየአገሩ ሂናው ላይ ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለ ኬሚካል ይጨመራል፤ በአጭሩ ፒ.ፒ.ዲ. ይባላል። ይህ ንጥረ ነገር የፀጉር ማጥቆሪያ ቀለሞች መሠረት ነው። ለዚሁ አገልግሎት እንኳ የአውሮፓ ሕግ ተደባልቆ በሚቀባበት ጊዜ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በቆዳ ላይ እንዲቀባ ከቶ አልፈቀደም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የታተመ ጥናት ግን በጥቁር ሂና ናሙናዎች ውስጥ ከ0.4 እስከ 29.5 በመቶ የሚደርስ ፒ.ፒ.ዲ. አግኝቷል። ለፀጉር ከተፈቀደው ወሰን ከ14 ጊዜ በላይ የሚበልጥ መጠን በሙሽራ ክንድ ላይ ሊቀባ ይችላል ማለት ነው።

ፒ.ፒ.ዲ. በቆዳ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ አታላይነቱም በዚህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀባች ሴት በዕለቱ ምንም ላይሰማት ይችላል። የሰውነት መከላከያ ግን ንጥረ ነገሩን እንደ ጠላት መዝግቦ ያስቀምጠዋል። ከአራት እስከ ዐሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ፣ ወይም በሚቀጥለው በዓል እንደገና ስትቀባ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ፣ ቆዳዋ የሥዕሉን መስመር ተከትሎ ያብጣል፤ ያሳክካል፤ ውኃ ይቋጥራል። ሲድንም ቦታው ነጥቶ ወይም ጠቁሮ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ወፍራም ጠባሳ ይተዋል። በጥቁር ቆዳ ላይ የመጀመሪያው መቅላት ጎልቶ ስለማይታይ ባለሙያው በዓይኑ ብቻ ሳይተማመን በእጁ ዳስሶ፣ ስለ ማሳከኩና ስለ መቆጣቱ ጠይቆ መመርመር ይገባዋል።

ከጠባሳውም የከፋው አለርጂው የዕድሜ ልክ መሆኑ ነው። በአንድ ሠርግ የተቀባች የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ወደፊት ፀጉሯን ብትቀባ ፊቷና ዐይኗ ሊያብጥ ይችላል። ከዚህ አልፎ ፒ.ፒ.ዲ. የማይስማማው ሰው በኬሚካል ዝምድናቸው ምክንያት እንደ ቤንዞኬይን ያሉ የማደንዘዣ ቅባቶችና አንዳንድ የጨርቅ ቀለሞችም ላይስማሙት ይችላሉ። የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ፒ.ፒ.ዲ.ን የዓመቱ ቀንደኛ አለርጂ አምጪ ብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከቆዳ አልፎ ወደ ሆድ ሲገባ ደግሞ ፒ.ፒ.ዲ. መርዝ ነው። ከጎረቤት አገር ከሱዳን፣ ከካርቱም፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ዘገባ በሂናና በፒ.ፒ.ዲ. ድብልቅ የተመረዙ 31 ሕፃናትን ሁኔታ ገልጿል፤ ሕይወታቸው ያለፈም ነበሩ። መርዙ ፊትንና ጉሮሮን አሳብጦ ትንፋሽ ይዘጋል፤ ጡንቻን ይሰብራል፤ ኩላሊትንም ያውካል። ሂና ተለውሶ በሣሕን ሲቀመጥ ሕፃን ልጅ በማይደርስበት ቦታ መሆን እንዳለበት ለማስጠንቀቅ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግም።

ከፒ.ፒ.ዲ. ሌላ ቀለሙን ለማጥለቅ ላምባ ወይም ሌላ የነዳጅ ውጤት የሚጨምሩ አሉ። ይህም ቆዳን ያደርቃል፤ ያቃጥላል፤ ለትንፋሽም አይበጅም።

ንጹሑ ሂና የማይስማማው ሰው

እስካሁን የተነገረው ስለ ተበረዘው ሂና ነው። አሁን ደግሞ ንጹሑ ቅጠል ራሱ አደጋ ስለሚሆንባቸው ሰዎች መናገር ያስፈልጋል። ይህም ለድሬዳዋና ለአካባቢው ባለሙያ ልዩ ትርጉም አለው።

በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኤንዛይም በትውልድ ይጎድላቸዋል። ጉድለቱ የሚበዛው ወባ ባለበት ወይም በነበረበት አገር ነው፤ ወንዶች ልጆችንም ከሴቶች ይልቅ ይጎዳል። ይህ ኤንዛይም ቀይ የደም ሕዋስን ከኦክሲዴሽን ጥቃት የሚጠብቅ ጋሻ ነው። ሎሶን በበኩሉ በቆዳ በኩል ሲገባ ይህንኑ ጥቃት የሚያነሣ ሞለኪውል ነው። ጋሻው በጎደለበት ሰው የደም ሕዋሱ ይሰበራል፤ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ዐይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ደሙም በድንገት ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2001 በሕፃናት ሕክምና መጽሔቶች የወጡ ጽሑፎች ሂና የተቀቡ የጂ-6-ፒ-ዲ ጉድለት ያለባቸው ሕፃናት ለሕይወት የሚያሠጋ የደም መሰበር እንደደረሰባቸው አስረድተዋል። የጨቅላ ሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸርም ሰፊ ነው፤ ጉበቱም ገና አልጠነከረም። ስለዚህ ለጎልማሳ ምንም የማያደርግ መጠን ለጨቅላው ብዙ ይሆናል። በደሙ የተጠራቀመው ቢጫ ንጥረ ነገርም ወደ አንጎል ቢደርስ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል።

ድሬዳዋ ወባን የምታውቅ ከተማ ናት። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ፣ የከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ የሚመቻት፣ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሣውን የወባ ወረርሽኝም ጥናት ከዚህችው ትንኝ ጋር አያይዞታል። ወባ ባለበት ፕሪማኪን ይታዘዛል። ፕሪማኪንም ሎሶንም በጂ-6-ፒ-ዲ ጉድለት ላለበት ሰው የሚያደርሱት ጉዳት አንድ ዓይነት ነው። እንግዲህ ፕሪማኪን የሚያስረክብ ባለሙያ በሽተኛውን «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «በዚህ ሳምንት ሂና ተቀብተሃልን? ለልጁስ ተቀብቶለታልን?» የሚለውን ቢጨምር ጥያቄው የሚወስደው ጊዜ አጭር፣ የሚያድነው ግን ሕይወት ሊሆን ይችላል። በሽተኛው ሂናን መድኃኒት ነው ብሎ ስለማያስብ ካልተጠየቀ አይናገርም።

ሌላም ትንሽ የምትመስል ጉዳይ አለች። ጣት ላይ የተቀባ ጥቁር ሂና በጣት የሚሰካውን የኦክሲጅን መለኪያ መሣሪያ ንባብ ሊያሳስት እንደሚችል ተዘግቧል። በሳቢያንም ሆነ በሌላ ሆስፒታል ለወሊድ ወይም ለቀዶ ሕክምና የምትገባ፣ እጇ በሂና ያጌጠ እናት ብትኖር መሣሪያውን ቀለም ባልነካው ጣት ወይም በጆሮ ጫፍ ላይ ማድረጉ ይሻላል።

ከባለሙያው ምን ይጠበቃል?

የውበት መጠበቂያ ምርቶችን መቆጣጠር በኢትዮጵያ በሕግ የተደነገገ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያን ከሚቆጣጠራቸው ምርቶች አንዱ አድርጎታል። ነገር ግን ሂና የሚሸጠው በአብዛኛው በገበያ፣ ለምሳሌ እንደ ቀፊራ ባለ ጉልት፣ በስፍር ወይም በትንሽ ሾጣጣ ጥቅል ነው። የተጻፈበት ነገር የሌለውን ጥቅል አዋጅ ብቻውን አይደርስበትም። አዋጁ የማይደርስበት ቦታ ላይ የሚደርሰው የባለሙያው ምክር ነው። ስለዚህ የሚከተሉት አምስት ነጥቦች ለመድኃኒት ቤት ባልደረቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ ንጹሑን ከተበረዘው የሚለዩ ምልክቶችን ለሕዝብ ማስረዳት። የንጹሕ ሂና ዱቄት አረንጓዴ ወይም ወደ ቡናማ ያደላ ነው፤ ሽታው የደረቀ ቅጠል ሽታ ነው፤ ለመድመቅ ሰዓታት ይፈልጋል። ልውሱ የጠቆረ፣ የነዳጅ ወይም የፀጉር ቀለም ሽታ ያለው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቁር ቀለም የሚሰጥ ከሆነ አለመቀባት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ለጨቅላ ሕፃናትና የጂ-6-ፒ-ዲ ጉድለት እንዳለባቸው ለሚታወቅ ወይም በቤተሰባቸው ለሚጠረጠር ሁሉ ሂና ፈጽሞ እንዳይቀባ መምከር። ወጉን ማክበር የሚፈልጉ አያት የሕፃኑን እጅ ትተው የእናቲቱን እጅ ቢቀቡ ወጉ አይጎድልም።

ሦስተኛ፣ ቀደም ሲል የፀጉር ቀለም ያልተስማማት ሴት ጥቁር ሂና እንዳትነካ ማስጠንቀቅ። በጥቂቱ በክንድ ላይ ቀብቶ ሁለት ቀን መጠበቅ መልካም ልማድ ቢሆንም፣ ፒ.ፒ.ዲ. ያለበትን ነገር ለሙከራም ቢሆን መቀባት አለርጂን ራሱን ሊያስጀምር ስለሚችል ሙከራው ለንጹሑ ሂና ብቻ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሲመጣ ቦታውን በውኃና በለስላሳ ሳሙና ማሳጠብ፣ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ማስታገስ፣ በሐኪም ትእዛዝ የኮርቲኮስቴሮይድ ቅባት መስጠት። ፊት ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረ፣ ሽንት የጠቆረ ወይም ሕፃን የወየበ እንደሆነ ግን አንድ ቅባት ሰጥቶ መሸኘት አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መላክ ነው።

አምስተኛ፣ የደረሰውን ጉዳት ሁሉ መዝግቦ ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ። የመድኃኒት ጎጂ ውጤት የሚመዘገበውን ያህል የሂና ጉዳትም ቢመዘገብ፣ ችግሩ በከተማው ምን ያህል እንደሆነ በግምት ሳይሆን በቁጥር ለመናገር ይቻላል።

ክቡራን የሙያ ባልደረቦች፤

ምክሩ ሲሰጥ አነጋገሩም ሊታሰብበት ይገባል። ሂና የምትቀባ ሴት ወጓን የሚንቅ ባለሙያ ዘንድ ተመልሳ አትመጣም፤ የሚያስጠነቅቃትም ሰው ታጣለች። ሂና ቀቢዎቹም ቢሆኑ ከነዚህ ሥራ እንጀራቸውን የሚያገኙ የሠፈር ሴቶች ናቸው። ጥቁሩን ዱቄት የሚጠቀሙት ደንበኛ ስለፈለገውና በውስጡ ያለውን ስላላወቁ ነው። እነሱን በጠላትነት ከማየት ጠርቶ ማስተማሩ ይበልጣል። አንዲት ቀቢ የተማረች እንደሆነ የብዙ ሙሽሮች እጅ ይድናል።

ሎሚውን ጨምቀው፣ ዱቄቱን ነፍተው፣ ልውሱን ሸፍነው ያሳደሩት እናቶች ንጹሑን ሂና ለልጅ ልጆቻቸው አስረክበዋል። ብረዛው የተጀመረው ትዕግሥት ሲያልቅ ነው። የመድኃኒት ባለሙያው ድርሻ ወጉን መሻር ሳይሆን፣ ወጉ ውስጥ የገባውን መርዝ ለይቶ ማውጣት ነው።